በቄጠማ ሜዳ መንገድ ዳር ስላጣናቸው ሦስት አባሎቻችን

ከቄጠማ ሜዳ መንደር መረዳጃ እድር
ታኅሣሥ 1976 ዓ.ም.

እድራችን ወይዘሮ ባህሪያ አባመጫን፣ አቶ ወልደጻድቅ ሀብቴንና መምህርት አጸደ ጴጥሮስን ባለፈው ኅዳር በአንድ ሳምንት ውስጥ በወባ ተነጥቋል። ይህንኑ ለአባላቱ፣ ለጎረቤት እድሮችና ለአካባቢው ሕዝብ ሲያስታውቅ ሐዘኑ መሪር ነው። የሚያስታውቀው ግን ሐዘኑን ብቻ አይደለም፤ ቁጣውንም ነው።

ወይዘሮ ባህሪያ ከጅማ አካባቢ መጥተው በመንደራችን ጨውና ነጭ ጋዝ ይነግዱ ነበር። በ1968 ዓ.ም. እድሩ ሲቋቋም ድንኳኑና ድስቶቹ ማደሪያ ስላልነበራቸው የሱቃቸውን ግማሽ ለቀውልናል። የክርስቲያኑንና የሙስሊሙን ድስት አንድ ቀን ሳያደባልቁ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጠብቀዋል።

በ1970 ዓ.ም. አቶ ወልደጻድቅ ከማሻ ቀርከሃ አስመጥተው የእድሩን ቃሬዛ በእጃቸው ሠሩ። ሚዛን ተፈሪ ሐኪም ቤት በእግር ግማሽ ቀን ስለሚያስኬድ በሽተኛ ስንሸከም እየተቀባበልን እንሮጣለን፤ አቶ ወልደጻድቅ ከፊት ነበሩ።

በነሐሴ 1974 ዓ.ም. መንገዱ በጭቃ ተቆርጦ ሳለ የቡና መሰብሰቢያ ጣቢያው የስምሪት ኃላፊና የእድራችን አባል ጓድ ከፈለኝ ባየ በወባ ወደቁ። በዚያ ዝናብ እየሮጥን አደረስናቸው። ከፊት የነበሩት አቶ ወልደጻድቅ ናቸው። ጓድ ከፈለኝ ድነዋል።

መምህርት አጸደ በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተመድበው መጡ፤ ዘመቻው ካበቃም በኋላ አልተለዩንም። ፊደል ካስቆጠሯቸው እናቶች አንዷ የጓድ ከፈለኝ ባለቤት ወይዘሮ ማናልሞሽ ናቸው። ይህ መግለጫ በእድሩ መጋዘን በር ላይ ስለሚለጠፍ ወይዘሮ ማናልሞሽ ማንም ሳይረዳቸው ያነቡታል።

የአሟሟታቸው ሁኔታ የሚከተለው ነው። ሦስቱንም በየተራ በቃሬዛ አውጥተን መንገድ ዳር የጣቢያውን የጭነት መኪና ጠብቀናል። ሹፌሩ ሦስቱንም ጊዜ ቆሟል። ከጎኑ የተቀመጡት ጓድ ከፈለኝ ግን ሦስቱንም ጊዜ «መኪናው የተመደበው ለቡና ነው፤ ነገ እኔ ነኝ የምጠየቀው፤ ንዳው» ብለዋል። ወይዘሮ ባህሪያንና አቶ ወልደጻድቅን በእግራችን ሐኪም ቤት ብናደርሳቸውም ሐኪሞቹ «ዘግይታችኋል» አሉን። መምህርት አጸደ መንገድ ዳር በተኙበት ዕለት ከቡናው ጆንያ በላይ የጓድ ከፈለኝ ሁለት በጎች ታስረው ነበር። በጎቹ ሚዛን ተፈሪ በደህና ገብተዋል። መምህርት አጸደ ሐኪም ቤቱ ሳይደርሱ ትከሻችን ላይ አርፈዋል።

እድሩ ሦስቱንም እንደየሃይማኖታቸው ሥርዓት ቀብሯል። ጓድ ከፈለኝ በአንዱም ቀብር ላይ አልተገኙም።

ከቀብር በኋላ በተደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ብዙ አባላት ጓድ ከፈለኝ ከእድሩ እንዲሰረዙ፣ እሳት የሚያጭራቸው እንዳይኖር፣ ሲሞቱም ሬሳቸውን የሚያነሳ እንዳይገኝ ጠይቀዋል። ጓድ ከፈለኝ በበኩላቸው ከእድሩ እንዳይወጡ፣ ስማቸውም በዚህ መግለጫ እንዳይነሳ ሽማግሌ ልከዋል። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለን በክብር ሸኝተናል። ስማቸውን ግን ጽፈናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ለወይዘሮ ባህሪያ ባለቤት ለአቶ ዐብዱልጀባርና ለልጆቻቸው፣ ለአቶ ወልደጻድቅ ባለቤት ለወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ ለመምህርት አጸደ አባት ለአቶ ጴጥሮስ፣ እንዲሁም እርሳቸው ፊደል ላስቆጠሯቸው ሁሉ አላህም እግዚአብሔርም መጽናናትን ይስጥልን። ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው፤ ቂማችሁም እንደዚሁ።

በመጨረሻም ስብሰባው የወሰነውን እናስታውቃለን። ጓድ ከፈለኝ አልተሰረዙም። በጠየቁት መሠረት አባልነታቸው ይቀጥላል፤ ደንቡ ለአባል የሚሰጠውን ሁሉ ያገኛሉ። ወባው በየዓመቱ ይመለሳል፤ መንገዱም በየክረምቱ ይቆረጣል። የታመሙ ዕለት አቶ ወልደጻድቅ የሠሩት ቃሬዛ ደጃቸው ይደርሳል፤ ተሸካሚም አይጠፋም። የታመመ አባልን ተሸክሞ ሐኪም ቤት ማድረስ ግዴታችን መሆኑ በመተዳደሪያ ደንባችን ተጽፏል። መሮጥ ግን አልተጻፈም።