ስለ «ቀላል መነካት» ላወጣችሁት መግለጫ የቀረበ ምስጋና

ለተከበረው የክለባችን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክፍሉን ኃላፊና የባልደረቦቻቸውን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ሰላምታዬ ከአንገት በላይ እንዳይመስልባችሁ አደራ፤ በዚህ ሰሞን ከአንገት በላይ ያለ ነገር ሁሉ ከልብ ያሳስበኛል።

ዕድሜዬን በጋዜጣ የስፖርት ገጽ ላይ የፈጀሁ ሰው እንደመሆኔ መግለጫ ማንበብ ሰልችቶኛል። የእናንተን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ እንደ ጸሐፊ በቅናት፣ ቀጥሎ እንደ ቤተ ዘመድ። ደጋፊው «መዶሻ» እያለ የሚጠራው ተከላካያችሁ የእህቴ ባል ነው። ባለፈው እሁድ የማዕዘን ምት ሲሻማ እሱና የተቃራኒ ቡድን አጥቂ ለአንድ ኳስ በቴስታ ተነሡ፤ ኳሷ ወጣች፣ ሁለቱ ጭንቅላት ግን ተገናኘ። ወደቀ፣ ቆየ፣ ተነሣ፣ ከዚያም ሄዶ በተቃራኒው ቡድን ተከላካዮች መካከል ቆመ። ተመልካቹ ሳቀ። ጨዋታውንም ጨረሰ። በሚመጣው እሁድ እንደሚሰለፍ አስታውቃችኋልና፣ እንዳይሰለፍ ነው ይህን የምጽፈው።

አንደኛ፣ የደረሰበትን «ቀላል መነካት» ስላላችሁት አመሰግናለሁ። ማን እንደነካው የለም፣ በምን እንደተነካ የለም፣ ነፋስም ሊሆን ይችላል። ይሁንና ስለ አንድ ሰው «ነካ ያደርገዋል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ምናልባት ሳታስቡት እውነቱን ጽፋችሁ እንዳይሆን ሰግቼላችኋለሁ።

ሁለተኛ፣ «ወዲያውኑ በባለሙያ ታይቷል» ብላችኋል። ባለሙያው የቡድናችን ወጌሻ ናቸው፤ ለቁርጭምጭሚትና ለጭን አቻ የላቸውም። ሮጠው ገብተው አናቱ ላይ ውኃ አፈሰሱለት፣ ዓይኑን አዩት፣ ወጡ። ታይቷል ማለት ይህ ከሆነ እኔም ከጋዜጠኞች መቀመጫ ሆኜ አይቼዋለሁ፣ ከላይ ጣራው ሥር የተቀመጠውም ደጋፊ አይቶታል። ይህን ያህል ሐኪም በአንድ ቀን ያየው በሽተኛ በሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛ፣ «ጀግናችን»። በሙያ ዓይን ከሁሉ የማደንቀው ይህን ነው፤ ሰውን አንዴ ጀግና ካላችሁት በኋላ አረፍ በል የሚለው ሁሉ ጠላቱ ይሆናልና፣ ክርክር አያስፈልጋችሁም። ቃሉ ሥራውን እየሠራ ነው። ትናንት ዳቦ ቤት ውስጥ አንድ ደጋፊ እህቴን ሰው በሰማበት መዶሻን እንዳታለሰልሺብን አላት። እሷም እጀታው የተነቃነቀ መዶሻ መጀመሪያ የሚመታው የያዘውን ሰው ነው ብላው ዳቦዋን ይዛ ወጣች። የዳቦ ቤቱ ደረጃ ላይ እንዳለቀሰች የነገረችው ግን ለኔ ብቻ ነው።

አራተኛውን በዝግታ ልጽፈው ነው። «ተጫዋቹ ራሱ ፈቃደኛነቱን በስልክ አረጋግጦልናል» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ እህቴ አጠገቡ ነበረች። ትጫወታለህ ወይ ተባለ፣ «እሺ» አለ።

ከእሁድ ወዲህ ለሁሉም ነገር እሺ ነው የሚለው። መጋረጃውን ልዝጋው ስትለው እሺ ይላል፤ ሳትነካው ልክፈተው ስትለውም እሺ ይላል። ትንሿ ልጁ ጨዋታ መስሏት አባዬ ዝሆን እንግዛ አለችው፤ እሺ አላት። አልጋ ውስጥ ይተኛል አለችው፤ እሺ አላት። እየሳቀች ጀመረችው፣ ከዚያ ሳቋን አቁማ ወደ እናቷ ሮጠች። ይህ ሰው እኮ ከታክሲ ሹፌር ጋር ስለ መንገዱ፣ ከኔ ጋር ስለ ጻፍኩት ሁሉ ሳይከራከር የማያድር ነበር። ከዳኛ ጋር በመጨቃጨቅ ለሰበሰበው ቢጫ ካርድ ሁሉ የይቅርታ መግለጫ ስትጽፉለት የኖራችሁት እናንተው ናችሁ። እንዲህ ያለ ሰው ያለ አንዳች ክርክር እሺ ሲላችሁ ደንግጣችሁ አምቡላንስ መጥራት ሲገባችሁ፣ እናንተ ፈቃድ ብላችሁ መዘገባችሁት።

እህቴ ሆስፒታል ወስዳው ነበር፤ ሐኪሙ ኳስም፣ ሩጫም፣ ብርሃንም እንዲርቅ አዘዋል፤ ይህ ሳይድን ሌላ ምት ቢደርስበት እሳቸውም ምንም ላያደርጉለት እንደሚችሉ ነግረዋታል። እህቴ ይህንኑ ለአሰልጣኙ ስትነግራቸው ማሊያውን ሲለብስ ይነቃል አሏት። መግለጫችሁ ለሐኪሙ ቦታ አልበቃውም።

ስለዚህ መልስ ላዘጋጅላት ተቀመጥኩ። የሚያስለቅስ ጻፍኩ፣ የሚያስፈራ ጻፍኩ፣ ደጋፊውን በሆዱ የሚይዝ ጻፍኩ። እንደ እናንተ ባይሆንም እኔም ትንሽ እችልበታለሁ። እህቴ ሽንኩርቷን እየላጠች ሁሉንም ሰማችኝ። ከዚያ፣

«ጋሼ፣ አታሳምረው» አለችኝ። «ባሌ ታሟል በል። እሁድ አይመጣም በል። በቃ።»

እንግዲህ ባሏ ታሟል፤ እሁድ አይመጣም። በሩን የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ናት።

ለቃላት የምታደርጉት ጥንቃቄ ተርፎ ለጭንቅላትም እንዲደርስ እየተመኘሁ፣ መግለጫዎቻችሁን ሲያነብ ጠጉሩ የሸበተ፣ ምንጊዜም አክባሪያችሁ፣

የመዶሻ አማች

ማስታወሻ፦ መግለጫው በተነበበ ዕለት ክቡር ኃላፊው ከአዳራሹ ሲወጡ ግንባራቸውን ከበሩ መቃን ጋር አጋጭተው እንደነበር አይቻለሁ። ወንበር ቀረበ፣ በረዶ መጣ፣ የጋዜጠኞች ጥያቄ ተሰረዘ፣ ሹፌራቸውም ደግፎ ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው። የሚገባቸው ነው፤ እንኳን ተረፉልን። መቃኑ ግን የተቃራኒ ቡድን አጥቂን ያህል እየሮጠ አልነበረም።