የእማዬ ድምፅ የነበረበት ላፕቶፕ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሴፖ፤ ከነቤተሰብህ እንደምን ከርመሃል? ሄለናስ ደህና ናት? ኦናዬ አደገችልህ ወይ? ያ የአውስትራሊያ ሐሩር እንዳያከሳችሁ እሰጋለሁ። እኛ ጋ ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፣ በረዶው የሳውናውን ደጃፍ ውጦታል፤ ጤናችን ግን ደህና ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን።

ይህን የምጽፍልህ አባባ ሳያውቁ ነው። ቢያውቁ «ተዪው፣ ሥራ የበዛበትን ሰው አታስቸግሪ» ነው የሚሉኝ። እኔ ግን ሆዴ አልችል አለ።

እማዬ ከመሞቷ በፊት በነበረው የብርድ ወራት ለኦና ብላ ተረት በድምጿ ስትቀርጽ እንደነበር ነግሬሃለሁ። ወጥ ቤት ቁጭ ብላ፣ ሳሏ ሲነሣባት እያቆመች፣ አባባ በገዙላት ላፕቶፕ። ተረቱ አለ፣ ዘፈኑ አለ፣ መሃል ላይ «በሩን ዝጋው ታይስቶ፣ ብርዱን አስገባህብኝ» ብላ አባባን ስትቆጣ ሳይቀር አለ። ቶሎ ለሴፖ ልላክለት ስላት «ሳይቋጭ አይላክም» ብላ የከለከለችኝ እሷው ናት። ከቀብሯ ወዲህ አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳውናው እንፋሎት ታጥበው ወጥተው፣ ፀጉራቸው ሳይደርቅ ያዳምጧት ነበር። እኔ ስገባ ይዘጉታል፤ ያፍራሉ።

በገና ሰሞን ላፕቶፗ በየመሃሉ ድርግም ማለት ጀመረች። ዋስትናው ገና ስላላለቀ አባባ ብቻቸውን ይዘዋት ወደ ገዙበት ሱቅ ሄዱ። ሻጩ፣ ውስጧ የሚፈልጉት ነገር ካለ ቀድመን እንገልብጥልዎ ብሏቸው ነበር አሉ። አባታችን ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ኧረ ምንም ልዩ ነገር የለም።» ታውቃቸው የለ፤ ክንድ የሚያህል ዓሣ አውጥተው «ትንሽ ናት» የሚሉ ሰው ናቸው። በእማዬ ቀብር ላይ እንኳ ሰው ሁሉ ሲያወድሳት «ደህና ሴት ነበረች» ብቻ ነው ያሉት። የራስን ነገር ማክበድ እኛ ዘንድ ነውር ነው፣ ሰው ማስቸገርም እንደዚያው።

ተጠግናለች ተብሎ መጣች። ቤት ወስደን ብንከፍታት ባዶ ናት፤ እንደ አዲስ ስማችንን ትጠይቃለች። ለካ ሁሉ ነገር የሚቀመጥበትን ዕቃ አውጥተው በሌላ ተክተውታል። የባሰው ደግሞ ሾርባችንን ሳንጨርስ ያው እንደ ልማዷ ድርግም አለች። ደህናውን ጥለው በሽታውን መለሱልን።

በማግስቱ አባባን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ቱግ ማለቴን አልደብቅህም። ኃላፊዋ ሪትቫ የምትባል ጨዋ ሴት ናት፤ ዋስትናው ማሽኑን እንጂ ውስጡ ያለውን እንደማይጨምር፣ የወጣውም ዕቃ ተፈጭቶ እንደተጣለ ነገረችን። በምትኩ አዲስ ላፕቶፕ እንሰጣችኋለን አለች። አፌን ልከፍት ስል አባባ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ቆባቸውን አወለቁ።

«ልዩ ነገር የለም ብዬ ነበር፤ ዋሽቻለሁ» አሏት። «እዚያ ውስጥ ሚስቴ ነበረች።»

ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነሣች። ከኋላችን የተሰለፉትም መሬት መሬቱን አዩ። አባባ የሆዳቸውን ሲያወጡ በዕድሜዬ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። እሳቸው አዲሱን ላፕቶፕ አመስግነው ተቀበሉ፤ እስካሁን ከነካርቶኑ ጓዳ ተቀምጧል። ቅዳሜ ከሳውና ሲወጡ አሁን ሬዲዮ እንኳ አይከፍቱም። ፀጉራቸው እስኪደርቅ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ።

ወንድምዓለም፣ እማዬ በየልደትህ ስልክህ ላይ የድምፅ መልእክት ታስቀምጥልህ አልነበር? «ስታወራ ማብቂያ የላትም» እያልክ ታሾፍባት ነበር። እስቲ አንዱ እንኳ ቀርቶ እንደሆነ ፈልግልኝ። ብትቆጣህም፣ ብትነዘንዝህም ግድ የለም፤ ብቻ የእሷ ድምፅ ይሁን። አጥፍተኸው ከሆነ ግን ለእኔ ጻፍልኝ እንጂ ለአባባ እንዳትነግራቸው። አልወቅስህም፤ ይህ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል።

ለሄለና ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ኦናን አክስትሽ ብለህ ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ባለቤቴ ቬይኮ ሰላም ብሎሃል፤ እዚህ የተውከውን የጀልባህን ሞተር ከበረዶው እንደሸፈነልህ ንገሪው ብሏል። አባባንም ለሴፖ ብደውል ምን ልበልልዎ ብያቸው ነበር። «ሰላም በይው፤ እዚህ ምንም ልዩ ነገር የለም» አሉኝ።

አትመናቸው።

እህትህ ቱሊኪ
ኩህሞ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2019