አንተ የበጠበጥከው ጠርሙስ

ታምራቴ፣

ከተለያየን አራተኛ ወራችንን ያዝን። እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄን ሰበሰብኩ። ለሄደ ባል ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አላውቅም። ግራ የገባኝ ነገር ግን ብዙ ነው፤ ሁሉም ደግሞ አትክልት ስለሞላው የዓሣ መስታወትህ፣ ስለ አኳሪየምህ ነው፣ የሚጠየቀውም አንተ ብቻ ነህ።

የቀበርንህ ዕለት ቤቱ በሰው ተሞላ። እህትህ አልማዝ ቴሌቪዥኑን ሸፈነች፤ ዞር ስትል አኳሪየምህን ያን ሁሉ አረንጓዴ ይዞ ቦግ ብሎ አየችው። በለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ጌጥ ነውር ነው ብላ መብራቱን አጠፋችና ከሽሮ ሜዳ የገዛህልኝን ጋቢ አለበሰችው። ከጀርባ ያለውን ጠርሙስ፣ በቀጭን ቱቦ ለአትክልቶቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚልከውን፣ ማንም አላስታወሰውም። እኔም ያደረገችው ልክ መሰለኝ።

በማግስቱ ጋቢውን ገለጥ ሳደርግ ዓሣዎችህ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የራባቸው መሰለኝ። ሰው ሁሉ ብዪ፣ ትንሽ ቅመሽ እያለ ሲያስጨንቀኝ ስለዋለ እኔም እነሱን ላስጨንቅ ተነሳሁ፤ ምግባቸውን አብዝቼ በተንኩላቸው። አልነኩትም። ሁለቱ ሞቱ።

ነገሩን የነገረችኝ ልጃችን ሜሮን ናት፣ ስልኳን ስትጎረጉር ቆይታ። አትክልቶቹ ያን አየር የሚወስዱት ብርሃን ሲኖር ነው አለች። ሲጨልም ጠርሙሱ መልቀቁን ስለማያቆም አየሩ ውኃው ውስጥ ይጠራቀምና ዓሣዎቹን ያፍናል። ለካ አንተ ማታ መብራቱን ስታጠፋ ቱቦውን ከውኃው የምታወጣው ለዚህ ኖሯል። እኔ እኮ እንዲሁ አመል ይመስለኝ ነበር። ቱቦውን አውጥተን ውኃውን ቀየርንላቸው፤ የቀሩት ተረፉ።

የገባኝ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። በእጅህ ስኳርና እርሾ በጥብጠህ የሞላኸው ያ ጠርሙስ፣ አንተ ከተቀበርክ በኋላም ቡልቅ ቡልቅ ይል ነበር። የጉለሌ ብርድ እርሾውን ያሰንፈዋል እያልክ የራስህን ሻርፕ ጠምጥመህለታል። የአንተ ትንፋሽ ቆሞ የእሱ እንዴት አይቆምም? ሜሮን ጠዋት ቱቦውን ስትከት፣ ማታ ስታወጣ፣ እኔ ቁጭ ብዬ አረፋውን አያለሁ። እየሳሳ እየሳሳ ሄደና ቆመ። ያኔ እንደ አዲስ አለቀስኩ፤ ለአንተ ይሁን ለጠርሙሱ አላውቅም።

ሜሮን አዲስ እንበጥብጥ ስትለኝ ተቆጣኋት። መድፋት አልቻልኩም፤ እጅህ የሠራው የመጨረሻ ነገር ነዋ። እኔ ሳመነታ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ፣ ዳር ዳራቸው እየሟሸሸ ይረግፍ ጀመር። አልማዝ አይታ፣ አኳሪየሙን ለሚፈልግ ሰው እንስጠው አለች። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ጠርሙሱን ላቆይ ብዬ አትክልቶችህን ልገድል ነው? ደፍቼውስ አንተን በምን ላገኝህ ነው?

ዛሬ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደፋሁት። ወጥ ቤቱ ጠላ ጠላ ሸተተ። አንድ ጊዜ ሊጸልዩልን የመጡት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይህንኑ ሽታ አግኝተው፣ ጠላ ጠምቀህ የደበቅህ መስሏቸው አንተን እንዴት እንዳዩህ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ስኳሩን በግምት አደረግሁ፤ ስንት ማንኪያ እንደምትጨምር ለምን ጠይቄህ አላውቅም? ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ እርሾ፣ ሻርፕህን መልሼ ጠመጠምኩለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

አዲስ በበጠበጥክ ቁጥር የመጀመሪያዋ አረፋ ሳትወጣ ለምሳ አትቀርብም ነበር። ምግቡ በረደ ብዬ ስጮህብህ፣ አንዴ እያልክ ትለምነኛለህ። እዚያ ተቀምጠህ ምን እንደምታይ ገብቶኝ አያውቅም። አሁንም በደንብ አልገባኝም። ግን ስኳሩ ባለቀ ቁጥር እበጠብጣለሁ፣ በበጠበጥኩ ቁጥርም አስታውስሃለሁ፤ ይህን ቃል ሰጥቼሃለሁ።

እስካሁን አረፋ የለም። ሜሮን ምግቡ በረደ እያለች ትጮህብኛለች። አንዴ አልኳት።