ዘጠኝ ቀን ያለ ጠባቂ

ሰኔ 2፣ ሰኞ
ዛሬም ካፊያ። ልጅቷ ጠዋት ሥራ ሄደች። እኔ የምተኛበትን ሶፋ አጣጠፍኩ፣ ጨርቅ አጠብኩ፣ በመስኮት አየሁ። ምን አየሁ? መስኮት።

ይሄን ደብተር የሰጠችኝ እሷ ናት። «እማማ፣ የማታ ወሬሽ በዛብኝ፣ ግማሹን ጻፊው» ብላ። እስቲ ልጻፍ። በስተርጅና የተማርኩት ፊደል ለመቼ ነው?

ልጅ ብቻዋን ሰው አገር አትቀመጥም ብሎ አባቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ እኔን ጠባቂ አርጎ ላከኝ። ሁለት ወር ሞላኝ። ተለማማጅ ናት የልጄ ልጅ። ድልድይ ትለካለች። ድልድዩ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ በትንሽ ማስመሪያ ለክታ ትጽፋለች።
«ከዛ ትደፍኚዋለሽ?»
«አይ፣ እኛ መለካት ብቻ ነው።»
ይሄ ሥራ ነው? እኔ ሰላሳ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ሳጥብ፣ እድፉን ለክተሽ ጻፊ ያለኝ የለም።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ
ትራሷን ሳነሳ ከስሩ ካርታ አገኘሁ። በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ማታ ጠየቅኳት። መጀመሪያ አፏ ተያያዘ... ከዛ ዘረገፈችው። እሷና ረጅሟ፣ አብራት የምትለማመደው ልጅ፣ ልምምዱ ሲያልቅ ቦርሳ አዝለው ዘጠኝ ቀን በእግር ሊሄዱ አስበው ነበር። ከመንደር መንደር፣ መንገደኛ ማደሪያ እያደሩ።
«በእግር? መኪና ጠፋ?»
«ለደስታ ነው እማማ።»
ለደስታ! እኔ ዕድሜዬን በእግሬ ሄጃለሁ፣ ደስ ይበልሽ ያለኝ የለም።
«እና መቼ ነው?»
«ተዪው፣ ቀርቷል። ሥራ አለብኝ።»
ካርታውን አጣጥፋ ከተተችው። የምን ሥራ? ልምምዱ ሰኔ 27 ያልቃል ያለችኝ ራሷ አይደለችም?

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ
ረጅሟ ቤት መጣች። አንገቷ ብቻ አንድ ክንድ ይሆናል፣ ግን ጨዋ ልጅ ናት፣ ጎንበስ ብላ ሳመችኝ። በአገሩ ቋንቋ ተንሾካሾኩ። ረጅሟ ትለምናለች፣ የኔዋ ራሷን ትነቀንቃለች። አሁንም አሁንም ወደኔ ገልመጥ።

ቋንቋውን አልሰማም። ስለኔ ሲወራ ግን ይገባኛል። ለካ ያስቀረኋት እኔ ነኝ! እኔን ለማን ጥላ ትሂድ?

ሰኔ 8፣ እሁድ
ቀኑን ሙሉ አልተናገርኩም። ልጅቷ ደንግጣ ግንባሬን ነካች፣ «አመመሽ እንዴ?»

ሰኔ 9፣ ሰኞ
አላስችል አለኝ። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመርኳት።
«ሂጂ።»
«የት?»
«በካርታሽ ነዋ።»
«እና አንቺን ማን ያይሻል?»
«እኔ ነኝ አንቺን ላይ የመጣሁት!»
«እማማ... ብቻሽን ከዚህ በር ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»
አላውቅም። ሱቅም አብረን፣ ሐኪምም አብረን፣ ቆሻሻ መጣያው ጋ እንኳ አብረን። የታፔላው ጽሑፍ ለኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው፣ አንዱም ከኔ ፊደል አይዛመድ።
ብዙ ተከራከርን። መጨረሻ ላይ፣ «ብቻሽን ሱቅ ሄደሽ ከተመለስሽ እሄዳለሁ» አለች። የማልችል መስሏታል። እውነቷን ነው፣ እኔም መስሎኛል።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ
አይ የኔ ነገር።

እሷ ሥራ እንደሄደች ወጣሁ። ታፔላ ማንበብ ካልቻልኩ በምልክት እሄዳለሁ አልኩ። እየቆምኩ እዚህ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ከበሩ ወደ ግራ። ቢጫው መኪና ጋ ወደ ቀኝ። ነጭ ድመት የተኛችበት መስኮት ጋ ወደ ግራ። ከዛ ሱቁ። ሽንኩርት ገዛሁ፣ ሳሙና ገዛሁ። ደረቴን ነፍቼ ስመለስ... ድመቷ የለችም። ቢጫው መኪናም የለም!

መኪና እንደሚሄድ አጥቼው ነው? ሰው በጤናው መኪና ምልክት ያረጋል?

አንዱ መንገድ ወደ ሌላው ሲሰጠኝ አንድ ሰዓት ዞርኩ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ አለ። አልደውልም። ከደወልኩ የልጅቷ መንገድ በዛው አለቀለት። ላቤ እየወረደ፣ ሽንኩርቴን ታቅፌ፣ አንድ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። የምድር ቤቷ ጎረቤታችን፣ ባለ ከዘራዋ፣ ስታልፍ አየችኝ። ምንም አላለችኝ፣ ብትለኝስ ምን እሰማለሁ። ክንዴን ይዛ መራችኝ። ጥጉን ዞር ስንል ቤታችን! ጓሮው ላይ ነበር የተቀመጥኩት።

ለልጅቷ አልናገርም ብዬ ነበር። ነገርኳት። ይሄ ምላስ መች ያርፋል። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። ቀጥላ እንባዋን ጠረገች።
«በቃ እማማ። ሌላ ጊዜ ይደርሳል።»
ሌላ ጊዜ እሷ የት፣ ረጅሟ የት?

ሰኔ 16፣ ሰኞ
ለራሴ ደንብ አወጣሁ። እግር ያለው ምልክት አይሆንም፣ ጎማ ያለውም አይሆንም። ሰውም አይቻልም፣ ሰው ይነሳል።

አዲሱን ጻፍኩ። ከበሩ ወደ ግራ። ሥሩ በሲሚንቶ የታሰረ ዛፍ ጋ ወደ ቀኝ። እጀታው የተሰበረ የብረት በር ጋ ወደ ግራ። ከዛ ሱቁ። እየዞርኩ ወደ ኋላም አየሁት። መንገድ ሲመለሱበት መልኩ ሌላ ነው፣ ያን ቀን ይሄን ማን ነገረኝ?

ሄድኩ፣ መጣሁ። እንደገና ሄድኩ። ሻጩ «ምን ረስተው ነው?» በሚል ዓይን አየኝ። ሦስተኛ ስመጣ ሳቀ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ
ፈተና። ብቻዬን ሄጄ መጥቻለሁ ብላት አላመነችኝም። እሷ ቤት ትቀመጥና እኔ ብቻዬን ደርሼ ልምጣ ተባለ። ወጣሁ። መታጠፊያው ጋ ዘወር ስል ዛፉ ጀርባ ግማሽ ቦርሳና አንድ ክርን! እንዳላየ አለፍኩ። ደርሼ ተመለስኩ፣ ቀድማኝ ሮጣ ገብታ ሶፋው ላይ እያለከለከች ቁጭ ብላለች።
«ምነው፣ ሶፋው ዳገት ሆነብሽ?»
«አይተሽኛል?!»
«ድልድይ ብትለኪ ነው የሚያዋጣሽ፣ ሰላይነት አልፈጠረብሽም።»
አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ወዲያው ለረጅሟ ደወለች። ቤቱን በጩኸት አናጉት፣ አንዷ እዚህ አንዷ እዛ ሆነው።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ
ቦርሳ ማሰናዳት። አቤት አዘገጃጀት! ልብሱን እንደ ድርቆሽ ጠቅጥቃ በጉልበቷ ትጫነዋለች። ሁሉንም ዘረገፍኩት። የአንሶላ አጣጠፍ አሳየኋት፣ አየሩን በእጅ አስወጥቶ፣ ጠበቅ አርጎ መጠቅለል። ግማሽ ቦርሳ ተረፈ። በተረፈው ብርድ ልብስ ልከትላት ስል አወጣችው። ከተትኩ። አወጣች።
«እማማ፣ ላገባ አይደለም የምሄደው!»
እሺ፣ ካልሲ ጨመርኩ። ካልሲ አታወጣም።

አራቱን ፎቅ ተሸክማ ወጥታ እንድትወርድ አረግኳት። ጎብጣ መጣች። ወገቡ ላይ ያለውን ማሰሪያ አጠበቅኩላት። «ትከሻሽ አይሸከም፣ ዳሌሽ ይሸከም።» እርጥብ አንሶላ ያስተማረኝን ለማን ላስቀር።

ከዛ ፊቷ ቅጭም አለ። «ለአባዬስ?»
«ሲደውል እኔ እነግረዋለሁ።»
«ይቆጣል።»
«ልጄ አይደል? እኔ ነኝ የወለድኩት፣ ቁጣውንም ጭምር።»
እንዲህ አልኳት እንጂ እኔም ፈርቻለሁ። ከዓይኔ አላጠፋትም ብዬ ቃል የገባሁት እኔው ነኝ።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ
ሄደች። ከመስኮት ሳያት ቦርሳው ብቻ ነው የሚታየው፣ ሁለት እግር አብቅሎ። ቤቱ ሰፋ። ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዛ ምሳ በላሁ።

ሰኔ 30፣ ሰኞ
በስልክ ፎቶ ላከች። ፊቷን ብትልክ ምን አለበት፣ ተረከዟን ላከች! ውሃ ቋጥሯል። ድምጿ ግን... እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። «ሁለት ካልሲ ደርቢ» አልኳት። እኔ ዛሬ ከሱቁ አልፌ ሄድኩ። አራት አዲስ ምልክት ጻፍኩ። ሰፊ መናፈሻ አገኘሁ፣ ባለ ከዘራዋም እዛ ነው ለካ የምትውለው። እሷ በቋንቋዋ፣ እኔ በቋንቋዬ፣ ስናወራ ረፈደ።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ
ልጄ ደወለ።
«እማዬ፣ ልጅቷን አገናኚኝ።»
«የለችም።»
«ሥራ ናት?»
ሥራ ናት ብለው እኮ ያልቅ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።
«ሥራዋን ጨርሳለች። ቦርሳዋን አዝላ ከጓደኛዋ ጋ በእግሯ አገር ልታይ ሄዳለች። ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት።»
የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።
«አንቺን የላክሁሽ እኮ እንድትጠብቂያት ነው!»
«እኔ እሷን ስጠብቅ፣ እሷ እኔን ስትጠብቅ፣ ሁለታችንም እቤት ተቆልፈን ከረምን። መጥተህ ብታየን ትስቅ ነበር።»
«አሁን ታዲያ ካንቺ ጋ ማን አለ?»
«ማንም።»
«እንዴት ማንም! ሱቅ ማን ይሄድልሻል?»
«እግሬ።»
«ብትጠፊስ?»
«ጠፍቼ አይቻለሁ። አልሞትኩም።»
ተቆጣ። ይውጣለት ብዬ ዝም አልኩ፣ ዝም ማለት ከቻልኩ እንግዲህ... ተንፍሶ ተንፍሶ ሲያበቃ ድምፁ ለስለስ አለ። በደንብ ትበላለች ወይ አለ። ጫማዋ ደህና ነው ወይ አለ። መቼ ትመለሳለች አለ። እሁድ አልኩት።
«እሺ። እስከዛ በየቀኑ ጠዋት እየደወልኩ ደህንነትሽን እጠይቃለሁ።»
«ከሰዓት አርገው ልጄ፣» አልኩት። «ጠዋት ጠዋት ቤት አልገኝም።»