ቀለበታቸውን ስለሚጥሉ ባክቴሪያዎች፣ ለክቡር ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ የዶሮ ክትባት ማምረቻ ድርጅት ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ፤ እንቅልፍዎም እንደ ሪፖርትዎ እንከን የለሽ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ በዚህ መጽሔት የጎረቤት ወሬ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ስሆን፣ ስለ ሳይንስ አፌን የከፈትኩት ታናሽ እህቴ ከቤተ ሙከራዎ ይዛው የምትመጣው ብስጭት ቤታችንን ስለሞላው ነው።

ለአንባቢዎቼ ላስረዳ። አዲሱ ክትባትዎ እንዳያሳምም ተደርጎ የተዳከመ ባክቴሪያ ነው። በውስጡ ፕላስሚድ የምትባል የዲኤንኤ ቀለበት ይሸከማል፤ ዶሮዋ ከውሃዋ ጋር ስትጠጣው ቀለበቷ መልእክቷን ታደርሳለች፣ የዶሮዋም ሰውነት በሽታውን መከላከል ይማራል። ደካማ ግን ሸክም አይወድም። ባክቴሪያው ሲራባ ልጆቹ ቀለበቷን ወርውረው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ይሄዳሉ። አንቲባዮቲክን የሚቋቋመው ቀለበቷን የያዘው ብቻ ነው።

1ኛ. ስለ አቆጣጠር ጥበብዎ አመሰግናለሁ። ቀለበቷን የያዙት ስንት እንደሆኑ የሚታወቅበት ቆጠራ አንቲባዮቲክ ባለበት የባክቴሪያ ማብቀያ ሳህን ላይ ብቻ እንዲሆን አዘዋል። እዚያ የጣለው ሁሉ ይሞታል፣ የተረፈው ሁሉ ይዟል፣ ውጤቱም መቶ በመቶ! አንድ አስተማሪ ነበረን፤ «ያልመጣችሁ እጃችሁን አውጡ» ይልና እጅ ሲያጣ ሁሉም ተገኝቷል ብሎ ይመዘግባል። ሠራተኞችዎ «አቶ መቶ በመቶ» የሚሉዎት በፍቅር እንደሆነ እመሰክራለሁ።

2ኛ. እህቴ ያንኑ ባክቴሪያ መጀመሪያ አንቲባዮቲክ በሌለው ሳህን ላይ ዘርታ፣ ከበቀለው መቶ ለቅማ መድኃኒት ወዳለው ብታዛውር የተረፉት ሠላሳ ስምንት ሆኑ። «ጌታዬ፣ በዶሮ አንጀት ውስጥ አንቲባዮቲክ ማን ይረጭልናል?» ብላ ስትጠይቅዎ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሥራ ፈተሽ ነው ያልታዘዘ ሳህን የምትዘሪው?» ብለው ስላበረታቷት ቤተሰባችን ውለታዎን አይረሳም።

3ኛ. በማግስቱ ወደ ብልቃጥ ማጠቢያ ክፍል አዛውረው፣ በስድስት ዓመት ትምህርት ያላገኘችውን የሳሙና ዕውቀት ስላስገበዩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። የክፍሉ አዛውንት «አይዞሽ ልጄ፣ ብልቃጥ ቢያንስ የያዘውን አይጥልም» ብለው አጽናንተዋታል።

4ኛ. ክትባቱ ሰኞ ለአርቢዎች ይታደላል። ከእነሱ አንዷ አክስታችን ናት፤ አራት መቶ ጫጩቶቿ ተከትበዋል ብላ እፎይ ባለች ማግስት በሽታው በሩን ሳያንኳኳ ዘው ይላል። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሰኞ በፊት ቆጠራው በእህቴ ዘዴ ይደገም። ሁለት ቀን ይበቃል፤ ብልቃጡንም እኔ መጥቼ አጥብላታለሁ።

ወንበርዎን ከባክቴሪያዎ በተሻለ ሁኔታ አጥብቀው እንዲይዙ ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳዎ፣

የብልቃጥ አጣቢዋ ታላቅ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ ውጤቱን ያሰፈረችው በቤተ ሙከራው መዝገብ ገጽ አርባ አንድ ላይ ነው። ደንቡ እያንዳንዱ ገጽ በኃላፊ ይፈረም ይላል፤ እርስዎም ዓርብ ዓርብ ክምሩን ሳያነቡ ይፈርማሉ። እናም «ከመቶ ሠላሳ ስምንት ብቻ» ከሚለው ሥር «አይቼዋለሁ፣ ትክክል ነው» የሚል ውብ የእጅ ጽሑፍዎ ይገኛል። ቅጂው ዛሬ ጠዋት ለአርቢዎች ማኅበር ደርሷል፤ በአካል ሊያመሰግኑዎ እየመጡ ነው።