የትኛው ታች?

ውድ ዩሃንግ፣

ስልክህን ያላነሳሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። መልእክትህንም ሳላነብ ያጠፋሁት ቀንቼ ነው። ይኸው ተናገርኩት፤ እንደፈለግህ ሳቅ።

ወደ ሼንዠን ልትሄድ ስትል «ማንሊ፣ የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ነገ ታች እንገናኝ» አልከኝ። ቢጫ ጃንጥላዬን ይዤ በወንዙ በኩል ያለው በር ላይ ቆምኩ። ዝናቡ እግሬን አበሰበሰው። አንዲት የውጭ አገር ልጅ ሮዝ ሻንጣ እየጎተተች ስትመጣ በሩን ይዤ አስገባኋት። አይ የኔ ደግነት! አንተ ስትዘገይብኝ ጊዜ ወደ ቤትህ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት። አሥረኛው ፎቅ ላይ፣ በመንገዱ በኩል ባለው በር፣ ያንን ሻንጣ አንጠልጥለህ ከልጅቷ ጋር ስትስቅ አየሁህ። ዞሬ ቤቴ ገባሁና በሩን ቆለፍኩ።

ልጅቷ ዳሪጋ ትባላለች፤ ከካዛክስታን ለትምህርት የመጣች ናት። አንተ ሄድክ፣ እሷ ቀረችልኝ። በየቀኑ ወደ እናቴ ኑድል ቤት ትመጣለች። ቾንግቺንግ ውስጥ የማያስደንቃት ነገር የለም፤ ባቡር ሕንፃ ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ ሽማግሌዎች በብርድ ወንዙን ሲዋኙ፣ ሁሉም «ወይኔ!» ነው። እናቴ ደግሞ እንቁላል ትጨምርላታለች።

«ለእኔስ?» አልኳት አንድ ቀን።

«አንቺ ኩርፊያሽን ብይ!»

በንዴት የልጅቷን ሳህን በዚያ ምላስ በሚያደነዝዘው በርበሬ ሞላሁት። እንባዋ እየወረደ ጨርሳ «ድገሚኝ» አትለኝም!

ትናንት እናቴ «መጀመሪያ ስትመጪ ምን አስደነገጠሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ይኸው ሕንፃችሁ!» አለች ዳሪጋ። «ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ ተሳስቼ በሊፍቱ አሥረኛ ወጣሁ። በሩ ሲከፈት መንገድ! አውቶቡስ! አበድኩ እንዴ ብዬ፣ እዚያ የቆመውን ልጅ ‹መሬቱ የት ነው? ታች አልነበረም እንዴ?› አልኩት። ‹ታች ይኸው ነው› አለኝ። ‹የለም፣ ሌላም ታች አለ፤ ቢጫ ጃንጥላ የያዘች ልጅ ቆማበታለች› ስለው ግንባሩን በጥፊ መታ። ‹የኔ ነገር! እሷ እኮ አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው!› ብሎ እየሳቀ፣ ሻንጣዬን ነጥቆኝ ወደ ሊፍቱ ሮጠ። ስንወርድ ማንም የለም። እሱ እስኪመሽ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ፊቷን ጃንጥላው ሸፍኖት ነበር። ግን ቀናሁባት።»

እጄ ላይ የነበረው ሳህን ወድቆ ተሰበረ። እናቴ ጃንጥላዬን ታውቀዋለች። ቁጣ ስጠብቅ፣ ለእኔም እንቁላል አወጣችልኝ።

ሕንፃችን ገደል ተደግፎ ስለተሠራ፣ ለአንተ ለአሥራ ስምንተኛ ፎቅ ሰው ታች ማለት አሥረኛው ፎቅ ላይ ያለው መንገድ ነው፤ ለእኛ ለአራተኛ ፎቅ ሰዎች ደግሞ ወንዙ። እዚሁ ተወልደን አድገን፣ ይህን ከእንግዳ እንስማ? ያሳፍራል።

ደግሞም ቅናቴ አልለቀቀኝም። አንተ እኔን ስትጠብቅ ያየችህ እሷ ናት። ያን ማየት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

ለአዲስ ዓመት ስትመጣ ያልነገርከኝን ይዘህ ና። ከቆምክበት እንዳትነቃነቅ፤ የትኛውም ታች ብትሆን እኔ እመጣለሁ። ሻንጣ ይዘህ ካገኘሁህ ግን የራስህ ይሁን።

ባለቢጫ ጃንጥላዋ፣
ማንሊ