ያልታጠበው ፓውደር

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3
አምስት ውሃ የማያስገባ የባሕር ልብስ ጠገንኩ። የማስቲሹ ሽታ ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏል። ከሰዓት ወንድሜ አይሊፍ የራሱን ይዞ መጣ፤ የግራ እጅጌው ጫፍ ላይ ውሃ የሚከለክለው ጎማ ተቀዷል። ነገ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ኮድ የሚባለውን ዓሣ ሊያጠምዱ ይወጣሉ። "ቶሎ በይ እንጂ ጉንቮር፣ ዓሣው አንቺን አይጠብቅም።" ቆሞ ሲነዘንዘኝ አዲስ ጎማ ለጠፍኩለት። እየሳቀ ሄደ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5
የሌላ ሰው እጅጌ ሳጥብ እጄ ቆመ። አጥማጆቹ ክንዳቸው ቶሎ እንዲገባ ጎማው ውስጥ ፓውደር ይነሰንሳሉ። እሱ ሳይታጠብ ማስቲሽ ከተቀባ የያዘ ይመስላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይላቀቃል። የአይሊፍን አጥቤዋለሁ?
... አላጠብኩም። አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቼ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6
ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ? ምናልባት ይዞ ይሆናል... ምናልባት ውሃ ውስጥ አይገባም። ፈሪ ነኝ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7
ማዕበል ይመጣል አሉ። አለቃዬ ስቨረ ፊቴን አይቶ "ምን ሆነሻል?" ሲለኝ ዘረገፍኩት። አልተቆጣም። ከጀልባዎቹ ጋር የምንነጋገርበትን ሬዲዮ አቀበለኝ። "ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለሱ ንገሪው።"
ነገርኩት። "አይ አንቺ" አለ አይሊፍ። "በቃ እጅጌውን በመረብ ገመድ ጥፍር አድርጌ አስረዋለሁ። አታልቅሺ፣ ጀልባ ሙሉ ሰው እየሰማሽ ነው።"

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8
ጀልባዋ ተገለበጠች። ሦስቱንም ከውሃ አውጥተዋቸዋል። በሕይወት ያለው ስንቱ ነው? የሚነግረኝ የለም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9
ሦስቱም ተርፈዋል። አይሊፍ ሦስት ሰዓት ተኩል ውሃ ውስጥ ቆይቷል። ጎማው ተላቅቋል፤ ውሃውን የከለከለው ገመዱ ነው። ግን በጣም ስላጠበቀው ደም አልዞረም... የግራ እጁን አራት ጣቶች ሊቆርጧቸው ነው።
ሐሙስ ዓሣ ሊያራግፉ ወደብ ገብተው ነበር። ያን ቀን ብነግረው ልብሱን ይቀይር ነበር። እኔ ቤት ተቀምጬ ዝም አልኩ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14
አይሊፍ ዛሬ ከጎኔ ሥራ ጀመረ። መረብ መጎተት አይችልም። እጅጌውን በግራ ብብቱ ሥር ይዞ በቀኙ በሳሙና ያጥባል።
"ታጥቧል" ብሎ የመጀመሪያውን አቀበለኝ። ተቀብዬ እንደገና አጠብኩት። አየኝ። ሁለተኛውንም አቀበለኝ።